ጥለቱን ሳልቆርጥ

ከሐረር የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። ፈላና በር ላይ ወደ ድሬዳዋ የምትሄደው ሚኒባስ ሞተሯ ተነስቶ ቆማለች፤ ሹፌሩ ደግሞ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ "አቦ፣ ስንብቱን ጨርሱና! ይሄ ሰውዬ ድሬ ነው የሚሄደው ወይስ ጨረቃ?" እያለ ይጮህብናል። እናቴ አላለቀሰችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውልቃ አንገቴ ላይ ጠመጠመችልኝና፣ "እዚያ ብርድ ነው አሉ" አለችኝ፤ በቃ። ባለቤቴ ፅጌ ግን እጄን አለቅም ብላ፣ "በዓመቱ ትወስደኛለህ አይደል?" አለች። "በዓመቱ" አልኳት። ከልቤ ነበር።

መንገዱን አልተርክላችሁም። የሄደበት ያውቀዋል፤ ያልሄደበትን ደግሞ ማስጨነቅ አልፈልግም። ብቻ አንዱ ዓመት አራት ሆነና ብሬመን በምትባል የጀርመን ከተማ፣ ወረቀቴን አግኝቼ፣ ሥራም ይዤ ተቀመጥኩ። የብሬመን ዝናብ እንደኛ ክረምት ዶፉን ጥሎ አይገላገልም፤ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ይውላል። የሐረር ፀሐይ ትናፍቀኛለች። ሻያቸውም ውሃ ውሃ ይላል፤ የቡና ቅጠል ሆጃ በወተት የለመደ ሰው ምን ብሎ ይጠጣዋል? አንዳንዴ የቱርኮች ሱቅ ገብቼ ቅመሙ ጋ ዝም ብዬ እቆማለሁ። እዚያ የሐረር ገበያ፣ ጊደር መጋላ የገባሁ ይመስለኛል። ሻጩ ለምዶኛል፤ ምን ልስጥህ ማለቱን ትቷል።

ፅጌን ለማምጣት የውጭ ዜጎች ቢሮ ስሄድ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ያደረገ ሰውዬ ሥራዬን ጠየቀኝ።

"መኪና አደርቃለሁ" አልኩት።

ቀና ብሎ በመስኮቱ ዝናቡን አየ። "እዚህ ከተማ?"

"እዚህ ከተማ።"

"ሌላ ሰው ያጥባል፣ አንተ ታደርቃለህ?"

"አዎ፤ እኔ አድርቄ ሳስወጣው ደግሞ ዝናቡ ያርሰዋል።"

አልሳቀም። ወረቀት አወጣና ኡንበፍሪስተት የምትል ቃል ሥር በእስክሪብቶ አሰመረ። ጊዜ ያልተወሰነለት፣ ማለትም ቋሚ የሥራ ውል ማለት ነው። "ይህ ከሌለ ባለቤትህ አትመጣም" አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺን ቃል እንደ ዳዊት ስደግማት ከረምኩ።

ውሉ ያለው ፍራው ኬለር እጅ ነው። አሠሪዬ ናት፤ ፍራው እንደኛ ወይዘሮ ማለት ነው፤ ስድሳ የሞላት ቀጭን ሴትዮ። እኛ ላቫጆ የምንለውን ቤት እሷ እንደ ክሊኒክ ነው የምትይዘው። ሚክሮፋዘር የሚባሉ ወፍራም ፎጣዎች አሏት፤ አንዱ መሬት ከነካ፣ ለአንዲት ሰከንድም ቢሆን፣ ዳግመኛ የመኪና ቀለም አይነካም። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ይዞ ይሆናላ! ቋሚውን ውል ለመፈረም ማለፍ ያለብኝ የሙከራ ጊዜ ስድስት ወር ነበር። የሚያልቀው ዓርብ ቀን ነበር፤ የማወራችሁ ነገር የደረሰው በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሀጂ ዩስፍ ልንገራችሁ። ሐረር ሳለሁ የእሳቸውን ፔጆ ታክሲ ስምንት ዓመት ነድቻለሁ። መኪናዋ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ስንት ጊዜ ቀለም እንደተቀባች ራሳቸውም አያውቁም፤ ግን እንደ ሙሽራ ነበር የሚይዟት። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ጀጎል ግንብ ሥር ጥላ ላይ አቁመን፣ ባለችን አንድ ጄሪካን ውሃ እናጥባታለን። ፀሐይ ከቀደመን ውሃው እዚያው ደርቆ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ማድረቂያችን ያረጀ ነጠላ ነው፤ ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ፣ ከሱ የሚለሰልስ የለም። መጀመሪያ ሰሞን ጨምድጄው ስፈትግ ሀጂ ደረሱብኝ።

"ያ አላህ! ድስት ነው እንዴ የምትፈትገው?" አሉ። "ዘርጋው። ሁለት ጫፉን ያዝና ሳትጫን ጎትት፤ ውሃውን ጨርቁ ራሱ ይጠጣው። ከጣራው ጀምረህ ውረድ።" ቀጥለው ጨርቁን ተቀብለው ዳርቻውን አዩና፣ "ጥለቱንስ ለምን አልቆረጥክም? ወላሂ፣ ጥለት ቀለም ይቧጭራል!" ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ሙሉ ጥለቱን ሳልቆርጥ ነጠላ መኪና አስነክቼ አላውቅም።

እንግዲህ ያን ማክሰኞ የፎጣ ማጠቢያ ማሽኑ ተበላሽቶ ፎጣ ሁሉ እርጥብ ሆነ። ፍራው ኬለር ለጉዳይ ወጥታለች። ታጥባ የቆመችው መኪና ጥቁር ናት፣ መስታወት በሏት፤ ባለቤቷ ሊመጣ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል፣ ውሃው ደግሞ ጣራዋ ላይ ነጠብጣብ ሊሠራ ነው። አንገቴ ላይ የእናቴ ነጠላ አለ። መቀስ አነሳሁ። ጥለቱን አየሁት፤ ቀይ ሆኖ መሀሉን ወርቃማ ክር ያለበት፣ እናቴ በሠርጌ ቀን የለበሰችው ነው። እጄ እምቢ አለኝ። እንዴት ብዬ የእናቴን ጥለት ልቁረጥ? ወደ ውስጥ ካጠፍኩት ምን ይመጣል አልኩና ዘርግቼ ጎተትኩ። ጣራው አማረ። ኮፈኑ ላይ ስደርስ እጥፋቱ ተፈታ፤ እኔ ግን አላየሁም።

ያየችው ፍራው ኬለር ናት። ስትመለስ እንደ ልማዷ የመፈተሻ መብራቷን ቀለሙ ላይ አበራች። ቀጫጭን ጭረት ከዳር እስከ ዳር ተሰልፏል።

"በምን አደረቅከው?"

"በነጠላ።"

"ነጠላ ምንድን ነው?"

"የእናቴ ልብስ።"

"የደንበኛዬን መኪና በእናትህ ልብስ?" ነጠላውን ተቀብላ ዳበሰችው። "ለስላሳ ነው" አለች በግርምት። ቀጥላ አውራ ጣቷን ጥለቱ ላይ አሳረፈች። "ይሄ ግን ሽቦ ነው። እንደሚቧጭር አታውቅም ነበር?"

"አውቃለሁ" አልኳት። "መቁረጥ ነበረብኝ። አቃተኝ።"

ጀርመንኛዬ ከዚህ አላለፈም። ፅጌ ትዝ አለችኝ፤ አራት ዓመት የጠበቀችኝን ልጅ በአንድ ክር አስቀረኋት አልኩ በልቤ።

ባለመኪናውን ፍራው ኬለር ራሷ ለመነችው። ሁለት ቀን ሙሉ እሷ በመወልወያ ማሽን እኔ ከጎኗ ሆነን ያን ጭረት አጠፋን። ዓርብ ጠዋት ንጹሕ ፎጣ ወርውራልኝ፣ ውሃ ወደሚንጠባጠብባት የራሷ መኪና ጠቆመችኝ። "አሳየኝ።"

ዘረጋሁ፣ ሳልጫን ጎተትኩ። የበር እጀታና የጎን መስታወት ሥር የተደበቀው ውሃ በኋላ እየወረደ እንዳያዝረከርክብኝ በሮቹን ከፍቼ በሌላ ፎጣ ነካ ነካ አደረግኩ። እሷ በመብራቷ ከኋላዬ ትከተለኛለች። ስጨርስ መብራቱን አጠፋች።

"ማን አስተማረህ?"

"ሀጂ ዩስፍ።"

"ሀጂ ዩስፍ ጎበዝ ናቸው" አለችና ወደ ቢሮዋ ገባች። ወረቀት ይዛ ወጣች። ያቺ ቃል አለችበት። "ነጠላው ግን ሁለተኛ እዚህ እንዳይገባ!"

እንደ እብድ ብቻዬን እየሳቅሁ በዝናብ ሮጥኩ። አውቶቡስ እስኪመጣ እንኳ መጠበቅ አልቻልኩም፤ ፌርማታው ላይ ቆሜ ወደ ሐረር ደወልኩ።

"ፅጌ! ተፈረመ! ትመጫለሽ!"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ አልኩ።

"አለሁ" አለች። "እሰይ፣ እንኳን ደስ አለህ።" ድምጿ ግን ደስ ያለው ሰው አይመስልም።

"ምን ሆነሻል?"

"እማማ ደረጃው ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ሦስት ወራቸው። ሥራህን እንዳትፈታ ብለን ነው ያልነገርንህ። ደግፌ ካላነሳኋቸው አይነሱም።"

ከኋላ የእናቴ ድምፅ ይሰማኛል። "እመጣለሁ በይው! እኔ ደህና ነኝ በይው! እሮጣለሁ በይው!"

"ውሸታቸውን ነው" አለች ፅጌ ዝቅ ብላ። እያለቀሰች ነበር። "መምጣቱን እንዴት እንደምፈልገው አንተ ታውቃለህ። ግን ማን ላይ ጥያቸው ልምጣ? አንተው ንገረኝ።"

አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተና ጠበቀኝ። ቆይ ላስብበት አልኳት።