የተለጠጠው መሬት

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ቀያሽ ነበርኩ። አንድ ቀን አቦምሳ አጠገብ ያለ የገበሬ ማኅበር መሬት በሁለት ካርታ ብለካው አንዱ ስምንት መቶ ሄክታር አለኝ፤ ሌላው አሥራ ስድስት ጨመረ።

ስብሰባ ተጠራ። ካድሬው ሁለቱንም ካርታ ጨብጦ «ጓድ ቀያሽ፣ አሥራ ስድስቱን ሄክታር የት ደበቅከው?» አለኝ።

«አሻጥረኛ» የተባለ ሰው የት እንደሚያድር ታውቃላችሁ። ላቤ የመቂን ሽንኩርት ሁሉ ያጠጣ ነበር።

«ጓድ፣ ምድር ድቡልቡል ናት» አልኩ። «ወረቀት ላይ ስትዘረጋ እንደ ብርቱካን ልጣጭ አልተኛም ትላለች። ይሄኛው ካርታ ቅርጿን ላሳምር ብሎ ስፋቷን ለጥጦታል። እውነተኛው ትንሹ ነው።»

«ማነው የለጠጣት? ኢምፔሪያሊዝም?»

«ሂሳብ ነው፣ ጓድ።»

የማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ገመቹ ተነሡ። ሽማግሌ ናቸው። «ጓድ፣ መሬታችንን ስናርሰው አልተለጠጠም። የመንግሥት የእህል ኮታ በሄክታር ነው የሚጣልብን። አምና እንኳ ለዘር ያስቀመጥነውን አስረክበናል። በትልቁ ካርታ ከተቆጠረብን ልጆቻችንን ምን እናብላ?»

ካድሬው ካርታዎቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ብዙ አሰበ። ፊቱ ሲፈታ እኔም ተነፈስኩ፤ ሂሳቡ ገባው ብዬ።

«ሳይንስ ጥሩ ነው!» አለ። «ማዳበሪያ ስናድል በትንሹ፣ ኮታ ስንሰበስብ በትልቁ!»

አጨበጨብን። ኦቦ ገመቹም አጨበጨቡ።