ሁለት ካርቦራተር፣ አንድ ጆሮ

ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የስልክ ማዞሪያ ላይ ስለሠራች ጎረቤቱ ሁሉ «እትዬ ማዞሪያ» ይላታል። ጡረታ ከወጣች ሰባት ዓመት አልፏታል፤ ቅጽል ስሟ ግን ጡረታ አልወጣም። ባሏ ራሱ ሲቆጣ ካልሆነ በቀር በእውነተኛ ስሟ አይጠራትም። በሥራ ዘመኗ ሰውን የምታውቀው በመልኩ ሳይሆን በትንፋሹ ነበር። ደዋዩ «ሃሎ» ከማለቱ በፊት በሚስባት አየር ብቻ የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ይሁን የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ ትለያለች። ስትሳሳት ያየ የለም። ተሳስታ እንደሆነም አላመነችም።

ባሏ የቶርኖ ሠራተኛ ነበር። ብረት እያሽከረከረ በሚልጠው ማሽን ፊት ሠላሳ አራት ዓመት ቆሟል። የጣቱ ጫፍ የአንዲት ፀጉር ውፍረት ያህል ልዩነት ይለያል። ጆሮውን የማሽኑ ጩኸት ጎድቶታል፤ እሱ የሚለው ግን ሌላ ነው፤ ጆሮው ምንም አልሆነም፤ የዘንድሮ ሰው ነው አፉን ከፍቶ የማይናገረው።

በግቢያቸው በቆርቆሮ ዳስ ሥር አንዲት ቀይ፣ ባለሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና አለች። ከስድስት ዓመት በፊት በጭነት መኪና ተጭና ስትመጣ ወለሏን ዝገት በልቶት፣ የበሯ ኪስ የአይጥ ቤት ሆኖ ነበር። ማዞሪያ ያን ቀን እጇን አጣምራ በረንዳው ላይ ቆማ፣ «በስተርጅና ጣውንት አመጣህብኝ» አለች። ስሙ በዚያው ጸና። «ጣውንቴ ጎማ ገባላት?» «ጣውንቴ ዛሬስ ምን በላች?» ትላለች። ባሏ የሌለውን ዕቃ በገዛ እጁ እየቀረጸ፣ ወለሉን እየበየደ፣ ቀለሙን ሦስት ጊዜ እየቀባና ሁለት ጊዜ እየፋቀ አሁን ያለችበት አደረሳት። የመቀመጫዎቹን ቆዳ የሰፋችው ራሷ ማዞሪያ ናት። ጣውንት ብትሆንም ራቁቷን አትሄድም አለች።

የቀረው ሞተሩ ነው። ይነሣል። ነዳጅ ሲሰጡትም ይሮጣል። እግር ከነዳጅ ሲነሣ ግን፣ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት በዝግታ ብቻውን በሚሠራበት ልክ፣ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጥና ይጠፋል። መንገድ ላይ ቢሆን በየመብራቱ ቆሞ መቅረት ነው። ባሏ ለሦስት ሳምንት ካንዴላ ቀየረ፣ የነዳጅ መስመር አጠበ፣ አየርና ነዳጅ የሚቀላቅሉትን የሁለቱን ካርቦራተሮች ብሎን አጠበቀ፣ አላላ። ባሰበት እንጂ አልተሻለውም።

በመጨረሻ የሰፈሩን መካኒክ ጠራው። ከቅጥነቱ የተነሣ «ወስፌ» የሚሉት ሰው ነው። ወስፌ ኮፈኑ ውስጥ እስካንገቱ ገብቶ ወጣና፣ «ጋሼ፣ ሁለት ካርቦራተር ማለት ሁለት አማት ማለት ነው፤ አይስማሙም» አለ። «ሁለቱንም ነቅለን አንድ የፒክአፕ ካርቦራተር እንሰካላት። ቅዳሜ ጠዋት ይዤ እመጣለሁ፤ ለምሳ ትነዳታለህ።»

ባሏ እሺ አለ። ማታ ግን ራቱን ሳይጨርስ ተነሣ። «የፒክአፕ ሆድ የገባላት የስፖርት መኪና» አለ ለግድግዳው። «ስድስት ዓመት የደከምኩት ቀይ ፒክአፕ ለመሥራት ነው።»

ማዞሪያ መፍትሔውን ታውቅ ነበር። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ልብስ ስታሰጣ ሰምታዋለች፤ የኋለኛው ካርቦራተር አየሩን በጩኸት ይስባል፣ የፊተኛው ያንሾካሹካል። ሁለቱ የተለያየ አየር እየሳቡ አንዱን ሞተር ወዲያና ወዲህ ይጎትቱታል። ዝም ያለችው ሌላ ነገር ስለያዛት ነው። እኔ እሰማለሁ ማለት፣ አንተ አትሰማም ማለት ይሆናል። ያን ቃል እስከ ዛሬ በቤታቸው የተናገረ የለም።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ግን ባሏ ካርቦራተሮቹን ሊነቅል መፍቻ ይዞ ሲወጣ አየችውና ግማሽ ሜትር የላስቲክ ቱቦ ቆርጣ ወደ ዳሱ ሄደች።

«አስነሣው» አለች፤ ቃሉ ከንፈሯ ላይ እንዲነበብ ፊቷን ወደ እሱ አዙራ።

«ምን ልታደርጊ?»

«ላገናኝ።»

አስነሣው። ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ እንዳይጠፋ የነዳጁን ሽቦ በጣቷ ትንሽ ሳበች። የቱቦውን አንድ ጫፍ ጆሮዋ ውስጥ፣ ሌላውን በኋለኛው ካርቦራተር አፍ ላይ አደረገች። ከዚያ በፊተኛው። እንደገና በኋለኛው።

«ሁለቱን የሚያያይዘውን ዘንግ አላላው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይናገር። ካቻቢቴህን ያዝ። የኋለኛውን ሩብ ዙር ቀንስ።»

«እኩል ናቸው እኮ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ለክቻቸዋለሁ!»

«በዓይንህ ነው የለካኸው። ቀንስ። አይ፣ አበዛኸው፤ አፉን ዘጋኸው። መልስ፣ በጣም ትንሽ። ቆይ... መስመር ላይ ቆይ።»

ጣቷ ሲነሣ ያዞራል፤ ሲወርድ ያቆማል። የፀጉር ያህል አዙር ስትለው የፀጉር ያህል ያዞራል፤ ያን እንደሱ የሚያደርግ እጅ በሰፈሩ የለም። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ሠሩ። ከጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ የተቀመጠው መፍቻ መጀመሪያ እንደ ጥርስ ይንገጫገጭ ነበር። ከዚያ አለፍ አለፍ እያለ ነካ። ከዚያ ዝም አለ። ማዞሪያ ቱቦውን ከአንዱ ወደ ሌላው ስድስት ጊዜ አመላለሰችና ጣቷን አወረደች።

«ዘንጉን እሰርና ግባ፤ ነዳጅ ስጠው።»

ዘንጉን አስሮ መቀመጫው ላይ ተቀመጠ። መሪውን ያዘ። መሪው አይንቀጠቀጥም። ወንበሩ አይንቀጠቀጥም። ፊቱ ጠቆረ፤ «ጠፋ!» ብሎ ቁልፉን አዞረ።

የሚሠራ ሞተር ላይ ቁልፍ ሲዞር ማስነሻው ሞተሪኖ ከሚሽከረከረው ጥርስ ጋር ይፋጫል። ድምፁ እስከ ሦስት ግቢ ተሰማ። አንድ ውሻ ጮኸ። ማዞሪያ ዓይኗን ጨፈነች። ባሏ ፊቷን አየ፣ ቁልፉን ለቀቀ።

«አልጠፋም» አለችው።

እጁን ከመሪው አንሥቶ ጭኑ ላይ አደረገ። ሞተሩ ይሠራል። እስከዚያ ቀን ድረስ ሞተሩ መሥራቱን የሚነግረው መንቀጥቀጡ ነበር፤ አሁን መንቀጥቀጡ የለም። «ምን ይላል?» አላት።

በመስኮቱ ጎንበስ አለች። «የጠገበ ድመት ነው። ሁለቱም እኩል ይስባሉ። አንዳቸው ሌላውን አያቋርጡም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«የካርቦራተሩን ወይስ የጆሮህን?»

ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ ትከሻው እስኪነቃነቅ ድረስ።

ቅዳሜ ጠዋት ወስፌ ካርቦራተሩን በላስቲክ ከረጢት አንጠልጥሎ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ የሚሠራውን ሞተር ሰምቶ ቆመ። ጆሮውን አዘነበለ።

«ማነው የነካው?»

«ማዞሪያ» አለ ባሏ፣ የእጁን ቅባት እየጠረገ። «እኔ እጅ ነበርኩ።»

ወስፌ ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ብዙ አዳመጠ። «እትዬ፣ ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ቆሞብኛል። መጥተሽ ብታዳምጪልኝ...»

«ደውለህ ቀጠሮ ያዝ።»

ወስፌ ከረጢቱን እንደያዘ ሄደ። ባልና ሚስቱም በመኪናዋ ወጡ። መንዳቱ የእሱ ነው፤ እሷ ራሷ በሰፋችው ቆዳ ላይ ከጎኑ ተቀምጣለች። ሁለት መንገድ አልፈው ሦስተኛው ላይ መብራት ያዛቸው። መኪናዋ ቆመች። ከፊታቸው አንዲት ሴት ሽንኩርት የሞላ ዘንቢል ይዛ ተሻገረች፤ መኪናዋን አየችና ዞራ ደግማ አየች። ባሏ መሪውን በጣቶቹ ዳሰሰ። ምንም አልተሰማውም። ቀኝ እጁ ቀስ እያለ ወደ ቁልፉ ሄደ፤ ሳይነካው ቆመና ወደ ሚስቱ ተመለከተ።

ማዞሪያ ዓይኗን ከመብራቱ ሳትነቅል፣ «መስመር ላይ ነው» አለች።

አረንጓዴው በራ። ማርሽ አስገባ።