የሺና የሽንኩርቱ ሥር

ዛሬ ጠዋት ተማሪዎቼ በሻይ ብርጭቆ ውኃ ያበቀሉትን የሽንኩርት ሥር ይዘውልኝ መጡ። መተማ ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር ጸጉሬ ሸብቷል፤ የሴል ክፍፍል ትምህርት ሲደርስ ግን አሁንም ሆዴ ይባባል። የሺ ትመጣብኛለች።

የሽንፋ ልጅ ነበረች፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ተምረናል። ወሩ ጥቅምት፣ ሰሊጥ የሚታጨድበት ነው። ግማሹ ተማሪ ማሳ ወርዷል፤ በመስኮት የሚገባው ነፋስ የሰሊጥ አገዳ ይሸታል። መምህራችን፣ ወሎዬው፣ ለቀረነው ጥቂቶች ያለችንን አንዲት ማይክሮስኮፕ አወጡልንና «ፔክቲን ማለት እንግዲህ ባሚያ ስትበሉ ከጣታችሁ አልለቅ የሚላችሁ ዓይነት ዝልግልግ ነው» አሉን። የተክል ሴል ለሁለት ሲከፈል መሃል ላይ ቀድመው ከሚዘረጉት ነገሮች አንዱ እሱ ነው፤ ሁለቱን ይለያቸዋል፣ ለይቶም አጣብቆ ያኖራቸዋል።

የሽንኩርቱን ሥር ሴሎች ለማየት ያንን ሙጫ በሞቀ አሲድ ማሟሟት ያስፈልጋል። መጽሐፉ ያዘዘውን ያህል ጠበቅን። መቼም የተጻፈው ለደጋ ሰው መሆን አለበት፤ በእኛ ሙቀት ሥሩ ገንፎ ሆነ፤ ሴሉ ሁሉ ለየብቻው ተበተነ።

«ይኸማ የገበያ ሰው ነው፤ አንዱ ካንዱ አይተዋወቅም» ብላ የሺ ሳቀች።

ሁለተኛውን ቶሎ አወጣነውና ተሳካ። «ና እይ፣ መሃሉ ላይ ቀጭን መስመር አለ» አለችኝ። ጎንበስ ስል ትከሻዋ ነካኝ። ስንት ቀን ስለማመደው የከረምሁትን ያኔ ነገርኋት፤ እንደምወዳት፣ ትምህርት ስንጨርስ ላገባት እንደምፈልግ።

«ምነው አምና በነገርኸኝ» አለች። «አባየ ለሌላ ሰው ቃል ሰጥቷል። ሰሊጡ ይግባ እንጂ ሠርጉ ለጥር ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?»

አጎቴን ለምኜ ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ፉል በሰሊጥ ዘይት አቅርበው በክብር አስተናገዷቸው። «ለልጁ ነቀፋ የለኝም። ግን ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ከእንግዲህ ምን አፍ አለኝ?» ብለው ሸኟቸው። የሺ በጥር አብደራፊ ከተማ ተዳረች። እኔ ፈተናውን አለፍሁ፤ ሰው እንኳን ደስ ያለህ ሲለኝ ማልቀስ ያምረኝ ነበር።

ባለፈው ነሐሴ አረፈች። የሰማሁት አንድ ሾፌር ሲያወራ ነው። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ትራክተር ለምኜ ድንኳኑ ሳይነሣ ደረስሁ። ባሏና ልጆቿ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ለቀስተኛው እየጎነበሰ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላቸዋል። እኔም አልሁ።

«በምን ትተዋወቃላችሁ?» አለኝ ባሏ እጄን ይዞ።

«አብረን ተምረናል።»

ጥግ ይዤ ተቀመጥሁ፤ ንፍሮ ሰጡኝ፤ ቆረጠምሁ። ሐዘን ለካ ዝምድና ይጠይቃል። ይኸው ወራት አለፉ፤ ለሥራ ባልደረቦቼ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ? ዛሬም አስተምሬ ወጣሁ። እግዜር ያጥናህ ያለኝ ሰው የለም።