የኦቦ ገመቹ ያላለቀ ኮምፓይለር

ለምታውቋቸው ሁሉ።

መምህራችን ኦቦ ገመቹ ጉደር ላይ ወደ አምቦ የሚመጣ ሚኒባስ ቆመው ሲጠብቁ ወድቀው፣ ጤና ጣቢያ ሳይደርሱ ዐረፉ። ይህ ከሆነ አራት ወር አለፈ። በቀብራቸው ዕለት እንድናገር ተጠይቄ አልቻልኩም። አሁን የምጽፈው ያን ዝምታዬን ለመካስ ብቻ አይደለም፤ የምናዘዘው ነገር ስላለኝም ነው።

እሳቸው ወደሚያስተምሩበት የአምቦ ኮሌጅ ኮምፒውተር ልማር ስገባ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ዘበኛው ለጽዳት የተቀጠርኩ መስሎት መጥረጊያ ወደሚቀመጥበት ክፍል መራኝ። ኦቦ ገመቹ ግን በር ላይ አግኝተውኝ «ለመማር ነው ወይስ ለማስተማር የመጡት?» አሉኝ። ለመማር አልኳቸው። «እንግዲያው አንቺ ነው የምልሽ፤ ከልጆቹ አላሳንስሽም፣ አላስበልጥሽም» አሉና ከፊት ወንበር ሳቡልኝ።

ኮምፓይለር የጻፍነውን ኮድ ለማሽኑ የሚተረጉም ፕሮግራም ነው። ስንሳሳት የሚነግረን በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ብዙ ጀማሪዎች ሳይገባቸው ትምህርቱን ይተዉታል። ኦቦ ገመቹ በየወንበሩ እየዞሩ እያንዳንዱን መልእክት በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይፈቱላቸው ነበር። ለሁሉም መድረስ ሲያቅታቸው የኮምፓይለሩን የራሱን ኮድ ከፍተው ያሻሽሉት ጀመር፤ በሁለቱም ቋንቋ እንዲናገር። እኔን ረዳት አደረጉኝ።

ኮምፓይለሩ ያነበበውን ሁሉ በአንድ የጋራ ስም ይይዘዋል፤ «ዓረፍተ ነገር» ይለዋል እንበል። ትክክለኛውን መልእክት ለመስጠት ግን ያ ነገር «ይህ ከሆነ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ይሁን «ደጋግመህ ሥራ» የሚል ድግግሞሽ ለይተን፣ ከጋራ ስሙ ወደ ራሱ ዓይነት ማውረድ አለብን። በግድ ማውረድ ይቻላል፤ ያልሆነውን ነህ ብሎ ማለፍ። ደህናው መንገድ አስቀድሞ መጠየቅ ነው፦ ይህ ነህ? ካልሆነ ባዶ ይመልሳል።

አንድ ቀን ጠይቄ፣ የተመለሰልኝ ባዶ መሆኑን ሳላይ ቀጠልኩ። ፕሮግራሙ ወደቀ።

«የገበያ ቀን ሰላምታ ሰጠሽው እኮ» አሉ። «አካም ጂርታ ብለሽ አህያሽን እየነዳሽ አለፍሽ። ሰውየው ታምሜያለሁ ቢልሽስ?»

«አህያ የለኝም፣ ኦቦ።»

«እኔ አለሁልሽ። ይህን ሁሉ ስሕተትሽን የሚሸከመው ማን ሆነና?»

ሲሞቱ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶን ነበር። እዚያ የሚደርሰው ነገር ለጥያቄያችን ሁሉ ባዶ ይመልሳል፤ ምን ዓይነት እንደሆነ አላወቅንም። ከኮዱ አጠገብ «እዚህ አላወቅሁም። አትገምቺ» ብለው ጽፈውልኛል።

ከቀብሩ በኋላ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሥራው ለእንግዶች የሚታይበትን ቀን ቆረጠ። አላለቀም አልኩት። «ጥያቄውን አውጪና አሳልፊው። ለአንድ ቀን ነው፤ ስማቸውም ይጠራበታል» አለኝ።

ስማቸው እንዲጠራ ፈለግሁ። በግድ አወረድኩት። ሠራ፤ ተጨበጨበ፤ ስማቸውም ተጠራ። በማግስቱ ላነሳው ይገባኝ ነበር፤ አላነሳሁትም። ተማሪዎቹ ወደዱት፤ እኔም አብሬ ወደድኩት።

ሳምንት ሳይሞላ ከእንጭኒ የመጣች አንዲት ዝምተኛ ተማሪ ትክክለኛ ኮድ ጻፈች፤ ኮዷ በግድ ያወረድኩት ቦታ ሲደርስ ግን ኮምፓይለሩ በአፋን ኦሮሞ ተሳስተሻል አላት። ሦስት ቀን ሙሉ ያልተሳሳተችውን ስታርም ከርማለች። ስደርስባት ደብተሮቿን ሰብስባ ጨርሳ ነበር።

«ለምን አልጠራሽኝም?» አልኳት።

«እንግሊዝኛው ቢሆን አልገባኝም ብዬ እጠራሽ ነበር» አለችኝ። «ይሄ ግን በቋንቋዬ ነው የነገረኝ። ገባኝ።»

ስሕተቱ የእኔ እንጂ የእሷ እንዳልሆነ አስረዳኋት። በትሕትና ሰማችኝ፤ አላመነችኝም። ልታጽናናኝ ነው ብላ አሰበች መሰለኝ። በነጋታው አገሯ ገባች። እደውላለሁ፤ አታነሳም።

ኦቦ ገመቹ፣ ያን ሥራ ከኮሌጁ ኮምፒውተሮች ሁሉ በገዛ እጄ አወጣሁት። የቀረችውን ቦታ ዛሬም አላወቅኋትም፤ የምጠይቀውም ሰው የለኝም። እጨርሰዋለሁ ብዬ አልሸነግልዎትም፤ የምችል አይመስለኝም። ስምዎ የተጠራው በሐሰት ላይ ነው፤ ልጅቷንም ያጣናት በእኔ እጅ ነው። ይህን ሳልነግርዎ ልሰናበትዎ አልሆነልኝም ነበር። አሁን ነገርኩዎ። ደህና ይሁኑ፣ መምህሬ።