ፀሐይ ላይ ያሰጣኋት ልብስ አጣቢ

ለንደን፣ ዊልስደን ሰፈር ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቤት ለአራት ዓመት ያህል ጠዋት ጠዋት እሄድ ነበር። ኬረር ነኝ። ሰው አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ፣ መድኃኒት መወሰዱን ቼክ አድርጌ እፈርማለሁ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቤት በአውቶቡስ እሮጣለሁ። ስለ ሥዕል ተምሬ አላውቅም። የማውቃትን ትንሽ ነገር ያስተማሩኝ እኚህ ሰው ናቸው። ውለታቸውን እንዴት እንደመለስኩ ነው የምነግራችሁ።

እንግሊዝኛ አንቱ የለውም እንጂ እኔ በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው፤ እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ። የዓይናቸው መሀል ጠፍቷል፤ የሚያዩት ዳር ዳሩን ብቻ ነው፣ እሱንም ቀለም ሳይለዩ። ሲያናግሩኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ስለሚያዞሩ መጀመሪያ ሰሞን የተቀየሙኝ ይመስለኝ ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል። ልጅ የላቸውም፤ ያለቻቸው አንዲት የወንድም ልጅ ናት፣ እሷም ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። ደረጃ መውጣት ስለማይችሉ አልጋቸው ምድር ቤት ነው፣ የክፍሉም መጋረጃ ቀንም ሌሊትም ዝግ ነው። ብርሃን ዓይናቸውን የሚያማቸው መስሎኝ ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ፎቅ ላይ ሰፋፊ መሳቢያ ያለው ቁም ሳጥን አለ፤ ሥዕሎቹ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ድሮ ጃፓን ውስጥ እንጨት ላይ ተቀርጸው ወረቀት ላይ የታተሙ ናቸው። ንጉሥ የለ፣ ጦርነት የለ። ጥርሷን የምታጸዳ ሴት፣ ዓሣ ተሸክሞ የሚዞር ሰው፣ ድልድይ ላይ ድንገት ዝናብ የጣለባቸው ሰዎች ጎንበስ ብለው ሲሮጡ፣ ቁጭ ብላ የእግር ጥፍሯን የምትቆርጥ ልጃገረድ። መጀመሪያ ሳያቸው ሳቄ መጣ።

“ጥፍር ስትቆርጥ ተሥሎ ይቀመጣል እንዴ?” አልኳቸው።

“አንቺ ጥፍርሽን አትቆርጪም?”

“እቆርጣለሁ።”

“ታዲያ ማን ሣለሽ?” አሉኝ።

በእሳቸው ቤት እያንዳንዱ ሥዕል የራሱ ወር አለው። ወሩ ሲደርስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራዬን ስጨርስ ባለተራውን አወርድላቸዋለሁ። አጠገባቸው እቀመጥና ያለውን እነግራቸዋለሁ፤ ወሩ ሲያልቅ ወደ መሳቢያው ይመለሳል። ዓይናቸው እኔ ነበርኩ ማለት ነው። ስነግራቸው ደግሞ ዝም ብለው አይሰሙም። “ፊቷን ተዪው፤ እጇ ምን ይሠራል?” ይላሉ። “እግሯ የቆመው ደረቅ ላይ ነው እርጥብ ላይ?” ይላሉ። ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ ላይ ስቀመጥ የሰው እጅ ማየት ለምጃለሁ።

ከሁሉም የሚወዷት ልብስ አጣቢዋን ነበር። ጅረት ዳር አጎንብሳ ጨርቅ የምትጨምቅ ሴት ናት፣ ሰፊ እጅጌ ያለው ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። በተጋቡ ዓመት ከሚስታቸው ጋር ነው የገዟት። ሚስታቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ሆስፒታል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። “ሱቁ ውስጥ ቆማ ‘ይቺ እኔ ነኝ’ አለች፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሥዕል ማየት አልቻልንም” ብለውኛል። የልብስ አጣቢዋ ወር ኦገስት ነው።

አንድ ዓመት በሜይ መሳቢያውን ስከፍት እርጥበት እርጥበት ሸተተኝ። ያ ቤት ግድግዳው ላብ ያልበዋል። ልብስ አጣቢዋ ጥግ ላይ የሻጋታ ነጠብጣብ አየሁ። የእናቴ ነገር ትዝ አለኝ። እናቴ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ሳጥኑን ገልብጣ ያለውን ሁሉ ግቢ ታሰጣ ነበር፤ ጋቢው፣ ነጠላው፣ የአባቴ ዳዊት ሳይቀር ቅጠሉ ተገልጦ። ፀሐይ ካልመታው ብል ይበላዋል ትላለች። እኔም ልብስ አጣቢዋን አውጥቼ ፎቅ ያለው መስኮት ላይ፣ ፊቷን ወደ መስታወቱ አዙሬ አቆምኳት። ተራዋ እስኪደርስ ሽታው ይለቃታል አልኩ። ለእሳቸው አልነገርኳቸውም፤ ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በዚያ በጋ ደግሞ ለንደን ያልለመደባትን ፀሐይ አወጣች።

በኦገስት የመጀመሪያ ቅዳሜ ላወርዳት ወጣሁ። ሻጋታው ደርቋል፣ ሽታውም የለም። ቀሚሷ አመድ መስሏል። ሰማያዊ የሚባል ነገር አልቀረም። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ከታች “ወረደች?” ብለው ተጣሩ።

ወረድኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጇን ነገርኳቸው፣ የሚንጠባጠበውን ውኃ ነገርኳቸው።

“ሰማያዊውስ?”

“እንደነበረ ነው” አልኩ።

ፈገግ አሉ። “ይኼ ሰማያዊ ከአበባ ነው የሚወጣው” አሉኝ። “ጠዋት ፈንድታ ቀትር ላይ የምትጠወልግ አበባ። ብርሃን አይችልም። መጋረጃውን የማላስከፍትሽ ለዚህ እኮ ነው፤ ቅዳሜ እዚህ ስናያቸው እንዳይለቁ።”

እጄ ላይ የያዝኳት ሥዕል ከበደችኝ። ያን ጊዜ ልናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም።

በማግስቱ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ቅመም ለምትሸጥ ጓደኛዬ የሆነውን ነገርኳት።

“ሰውዬው አያዩም አይደል?” አለችኝ።

“ዳር ዳሩን ያያሉ።”

“የሥዕሉ ዳር ዳርስ ምንድን ነው?”

“ባዶ ወረቀት ነው።”

“ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ሰማያዊ ነው በያቸው፣ ይለፍ። አንቺ ደግሞ ለወረቀት ንስሐ ልትገቢ ነው።”

ሳቅኩ። ያ ሳቄ እስካሁን ያሳፍረኛል። ወሩን ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ የሌለውን ሰማያዊ እያሳመርኩ ነገርኳቸው። አንዴማ “እጅጌዋ ጋ ደመቅ ይላል” ብያለሁ።

ኦክቶበር ላይ ኬር ሆም፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት፣ ሊገቡ ሆነ። የወንድማቸው ልጅ ልትወስዳቸው መጣች። የሚሰጧቸው ክፍል ትንሽ ስለሆነ ግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል ብቻ ነው የሚሰቀለው፤ የቀሩት ይሸጣሉ። ጠዋት ሸሚዛቸውን እየቆለፍኩ “ልብስ አጣቢዋን አምጪልኝ” አሉኝ። “መብራት የማይደርስበት ጥግ እንዲሰቅሏት እነግራቸዋለሁ። የሚገባ የሚወጣው እየነገረኝ አብረን እንኖራለን።”

የሚገባ የሚወጣው ምን ብሎ እንደሚነግራቸው አሰብኩ። አመጣኋትና ቆሜ ተናገርኩ።

“ቀለሟ የለም” አልኳቸው። “ሜይ ላይ ሻጋታ አይቼባት መስኮት ላይ አሰጣኋት። እኔ ነኝ።”

“ስንት ቀን?”

“እስከ ኦገስት።”

 ሥዕሏን አልጋው ላይ አስቀምጬ የቀረውን የሸሚዝ ቁልፍ ጨረስኩ፣ ኮሌታቸውን አስተካከልኩ። 

“ገልብጪያት” አሉ በመጨረሻ። “ሲያትሟት የወረቀቱን ጀርባ በእጅ እያሹ ነው፤ ቀለሙ ወደ ኋላ ያልፋል። ፀሐይ ፊቷን እንጂ ጀርባዋን አልመታ ይሆናል። ሰማያዊ አለ?”

በራስጌያቸው መብራት ገለበጥኳት። ሴትዮዋ ወደ ሌላ ወገን ዞራለች። እጅጌዋ ላይ፣ ከታችም ዘርፏ ላይ፣ ሳስቶ ግን ንጹሕ የሆነ ሰማያዊ አለ።

“አለ” አልኩ። ድምፄ ጮኸ መሰለኝ። “እጅጌዋ ላይ አለ። እውነቴን ነው፣ ጌታዬ፣ አለ።”

“ኦገስት ላይም እንዲሁ ነበር ያልሽኝ” አሉ።

ሲሉት ቁጣ አልነበረባቸውም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

የወንድማቸው ልጅ ስልኳን በትከሻዋ ይዛ፣ ካርቶን ታቅፋ በኮሪደሩ ስታልፍ ጠሯት። “ይቺን እዪልኝ። ጀርባዋን። ሰማያዊ አለው?” ከእጄ ተቀብላ ጨለማው ኮሪደር ላይ እንደቆመች ቀና አድርጋ አየችውና “ቡናማ ነገር ነው የሚታየኝ፣ አጎቴ። ያረጀ ወረቀት ነው” አለች። መልሳ ሰጠችኝና ወደ ስልኳ ተመለሰች።

“ብርሃን ላይ ትየው፣ ብርሃን ላይ ይታያል” አልኩና ወደ መስኮቱ ሄጄ መጋረጃውን ያዝኩ።

“መጋረጃውን አትንኪ” አሉ።

እጄን መለስኩ።

“የድልድዩን ዝናብ አውርዱልኝ። እሱን ነው የምወስደው” አሉ። ለእኔ ይሁን ለእሷ የተናገሩት አላወቅኩም። ከዚያ በኋላ እኔን ያናገሩኝ አንዴ ብቻ ነው፤ ዱላቸውን ሳቀብላቸው “አመሰግናለሁ” አሉ፣ ለማንም ሰው እንደሚባለው።

መዝገቡ ላይ እንደ ሁልጊዜው ጻፍኩ፤ ቁርስ በልተዋል፣ መድኃኒት ወስደዋል። ስሜታቸው የሚሞላበትን መስመር ባዶ ተውኩት። የሚወስዳቸው መኪና ሳይነሳ ፎቅ ወጥቼ ልብስ አጣቢዋን ወደ መሳቢያዋ መለስኳት። ፊቷን ወደ ታች ደፋኋት፤ የሚገዛት ሰው ሲከፍት አስቀድሞ ጀርባዋን እንዲያይ።