በሬዎቹ የደረሱበት ቀን

ተማሪዎቼ በየዓመቱ ያንኑ ጥያቄ ይዘውብኝ ይመጣሉ። በማስተምረው የፕሮግራም ቋንቋ የአንድ ዝርዝር የመጀመሪያው ነገር ቁጥሩ ዜሮ መሆኑ ያናድዳቸዋል። «ሰው እንዴት ከባዶ ይቆጥራል?» ይሉኛል፤ ከአንድ የሚጀምሩ ቋንቋዎች እንዳሉም ሊያስተምሩኝ ይሞክራሉ። አዎ፣ አሉ፤ እኔም አላጣሁትም። ይህኛው ቁጥር ግን ስንተኛ እንደሆንክ ሳይሆን ከመነሻው ምን ያህል እንደራቅክ ነው የሚናገረው። መነሻው ላይ የቆመ ገና የትም አልሄደም። እኔ ይህን የተማርኩት ከእናቴ ነው፤ እሷ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ሰምታም አታውቅም።

ከሰባ ሰባቱ ረሃብ በኋላ፣ መካነ ሰላም አጠገብ ባለችው መንደራችን የተረፉት በሬዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ የእኛ፣ ሌላው ለመንደሩ ልጆች ቁርአን የሚያስቀሩት የጎረቤታችን የሼሁ። አባቴ ሥራ ፍለጋ እንደወጣ አልተመለሰም። እናቴና ሼሁ በሬዎቹን አቀናጅተው ለየቤቱ ሦስት ሦስት ቀን ደለደሉ። ለራሳቸው አደሉ እንዳይባሉ ባለበሬዎቹ ወደ ኋላ ሆኑ፤ የሁሉም መጨረሻ ደግሞ እናቴ።

የመጀመሪያው ባለተራ፣ በሬዎቹ ዳገቱን ወጥተው እንደደረሱ ጠመዳቸው። የመጡበትን ቀን አንድ ብሎ ቆጥሮታልና ሊያባክነው አልፈለገም። የእኛ በሬ ትልሙ መሀል በጉልበቱ ወደቀ። እናቴ ይህን ስትሰማ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነስታ፣ «የሚደርሱበት ቀን የእነሱ ነው። ይብሉ፣ ይተኙ። የሰው ቁጥር ከማግስቱ ይጀምራል» አለች። ሰው አጉረመረመ። ሼሁ «ወላሂ እውነቷን ነው» ሲሉ ግን ተስማማ።

በየቤቱ የተጨመረው ቀን ተጠራቅሞ የሚያርፈው በእኛ ላይ መሆኑን ያሰበ ያለ አይመስለኝም፤ ከእሷ በቀር። ተራችን ሲደርስ ዝናቡ ሊያበቃ ዳር ዳር ይል ነበር። ርቦን እንኳ ያልነካነው የገብስ ዘር ተቀምጧል። ሌሊቱን አካፍቶ አደረና በሬዎቹ ጠዋት ደረሱ።

«እህቴ፣ መሬቱ ርሷል። ዛሬውኑ እንጥመድ፤ ማንም አይወቅስሽም» አሏት ሼሁ፤ የሚያርሱልን እሳቸው ነበሩ።

«እኔ ቤትም ያው ነው፣ ሼህዬ። በሬዎቹ ይረፉ» አለችና ከጣራችን ሳር መዝዛ አበላቻቸው።

በንዴት አለቀስኩ። ከእኛ ከልጆቿ ይልቅ በሬ የበለጠባት መሰለኝ። በማግስቱ ፀሐይዋ ከጠዋት ጀምራ ትጋረፍ ነበር፤ ገብሳችንም ግማሹ ሳይበቅል ቀረ። በሬዎቹ ግን የሁሉንም መሬት አርሰው በሕይወት ወጡ። ሕግ አውጥቶ ራሱንም የሚያስርበት ሰው ከዚያ ወዲህ ብዙ አላየሁም።

በተከታዩ ዓመት መንደሩ እናቴን ከመጨረሻ አንስቶ፣ ያን ጊዜ በሬውን ካስወደቀው ጎረቤት ቀጥሎ አደረጋት። ሰውየው ሁለት ቀን ብቻ አርሶ በሦስተኛው ማለዳ በሬዎቹን እየነዳ መጣ፤ ትከሻው ላይ ድርቆሽ ተሸክሟል።

«ምነው፣ ቀንህ መች አለቀ?» አለችው።

«አላለቀም። የበሬዎቹን ቀን ከእኔ ላይ ይቁጠሩት። እርስዎ ነገ ይዝሩ።»

እናቴ ገመዱን ተቀብላ ቆመችና እንባዋ ወረደ። አባቴ በወጣበት ሲቀር እንኳ በፊታችን አላለቀሰችም ነበር።