የተገለበጠው ጥለት

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስሞታ አለኝ... በገዛ ግቢዬ በር ላይ።

የደባርቅ ክረምት ጣውላውን ስላሳበጠው ማጠፊያው ይጮኻል። ጩኸቱ ደግሞ ተራ አይደለም፤ ጭነት የበዛባት አህያ ነው የሚመስለው። ዘይት ቀባሁት... ጮኸ። ሞራ ቀባሁት... ባሰበት፤ ጭራሽ የሰፈሩ ውሻ እየመጣ ይልሰው ጀመር። ሳይጮኽ የሚከፈትበት መላ አንድ ብቻ ነው፤ ከታች በእግር ከፍ አድርጎ መግፋት። ይኼን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ የሺ እና የእህቴ ልጅ ስንዱ። ስንዱ እናቷ ስትሞትባት እዚሁ ቤት ነው ያደገችው።

ይኼን በር ከነካች ግን አምስት ዓመቷ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ አገባችና ሊጠይቁን አብረው መጡ። ልጁ ካቶሊክ ነው። ምሳ ላይ ምላሴን በላኝና «እሺ ፀረ ማርያም፣ ብላ እንጂ!» አልኩት።

ልጁ ሳቀ። ከአንገቱ ላይ ትንሽዬ የማርያም ሥዕል ያለባት ሜዳሊያ አወጣና «ጋሼ፣ ታዲያ ይቺ ማን ናት?» አለኝ።

«እሷማ የሮሟ ማርያም ናት። የኛይቱ መች ታውቅሃለች!»

ሰው በሳቅ ሞተ። የንስሐ አባታችን አባ ተገኝ እንኳ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ስንዱ ብቻ አልሳቀችም። ወሬው እኛን ቀድሞ ገበያ ወጣ፤ በማግስቱ መናኸሪያ ስትደርስ «የፀረ ማርያም ሚስት መጣች» ብለው ተቀበሏት። ከዚያ ወዲህ ለየሺ ትደውላለች... ለኔ «ሰላም በይልኝ» እንኳ የለም።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ አዘንኩ። አሁን... ምንም። በበየዳ ተራራ ብርድ ሲመታው የዋለ እጅ ታውቃላችሁ? ብትቆነጥጡት የማይሰማው። ልቤም እንደዚያ ነው።

ትናንት ነሐሴ ጊዮርጊስ ነበር፤ የጽዋ ማኅበራችን ተራ የደረሰው እኔ ቤት ነው። ከቡይት ራስ ተራራ የወረደው ጉም ከተማውን ውጦት ስለነበር ማኅበርተኛው ዘገየ። ቀድመው የደረሱት አባ ተገኝ ብቻ ናቸው። ዳቦው እንደተሸፈነ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ የሺ ስልኳን አቀበለችኝ።

«ስንዱ የላከችው ቪዲዮ ነው። የፍልሰታ ዕለት የተቀረጸ» አለችኝ።

ልቤ ቢደነዝዝም ተንኮሌ አልሞተም። ስልኩን አባ ተገኝ ዓይን ሥር ደቀንኩት።

«አባ፣ ይኼ የትኛው ደብር ይመስልዎታል?»

ከበሮው ይመታል፣ ጽናጽሉ ይንሿሿል፣ ግዕዙ ይወርዳል። አባ ዓይናቸውን ጨፍነው አብረው ማዜም ጀመሩ።

«ጎንደር ነው እንጂ የት ይሆናል! ይኼ እኮ የኛ ነው ልጄ፣ ሌላ አገር አታገኘውም።»

«አዲስ አበባ ነው አባ... ካቶሊኮች ናቸው።»

ዜማው አፋቸው ላይ ቀረ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ሰዎቹ የማርያምን ሐውልት በትከሻቸው ተሸክመው እየወጡ ነው። ሐውልቷን ነጠላ አልብሰዋታል። የነጠላው ጥለት አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው... ግን ቀዩ ከላይ፣ አረንጓዴው ከታች።

አባ እፎይ አሉ።

«ይኸው! እኔማ ምን ነካኝ ብዬ ነበር። ባንዲራውን ገልብጠውታል! ያገር ሰው ቢሆኑ ባንዲራ ይገለብጡ ነበር? ያኔ የሮሟ ናት ያልከው እውነትህን ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ግን ያን ነጠላ አውቀዋለሁ። ለስንዱ ሰርግ ዳባት ወርጄ ያሠራሁት እኔ ነኝ። ሸማኔው ጥለቱን ገልብጦ ሠራው። ልመልስለት ስነሣ ስንዱ ነጠላውን ከእጄ ቀማችኝ፤ «ተወው ጋሼ፣ ይኼ የቤታችን ባንዲራ ይሁን» ብላ ለበሰችው።

«አባ...» አልኩ። «እነሱ አይደሉም የገለበጡት። እኛ ነን። የዳባት ሥራ ነው... የስንዱ ነጠላ ነው።»

አባ ስልኩን ተቀብለው እንደገና አዩት።

«እንግዲያ የሮሟ ማርያም የኛን ነጠላ ለበሰች በለኛ።»

«ለበሰች አባ።»

«ወይስ ድሮም አንዲት ነበረች፤ እኛ ነን...» ስልኩን መለሱልኝ። «እኔም እኮ ስቄ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ማልቀስ የነበረብኝ ይመስለኛል... እንባው አልመጣም። ጠላ ልቀዳላቸው ተነሣሁ። ዋንጫው ሞልቶ መደቡ ላይ እየፈሰሰ እንደሆነ የነገረችኝ የሺ ናት።

ቀና ስል የግቢው በር እየተከፈተ ነው... ሳይጮኽ።

ከየሺ ጋር ተያየን። ሁለታችንም እዚህ ነን።

ከጉሙ ውስጥ የወጣው ግን ባሏ ነው። ጫማው ጭቃ ብቻ ሆኗል።

«ቤቶች! ፀረ ማርያም ነኝ...» አለ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «በእግርህ ከፍ አድርገህ ግፋው ብላኝ ነው።»

«እሷስ?» አለች የሺ።

«መንገዱ ላይ ቆማለች። አንተን ካስገቡህ እኔም እገባለሁ ብላ።»

አባ ተገኝ ጋቢያቸውን ሰብስበው መደቡ ላይ ቦታ ለቀቁለት። እኔ... ቀልድ አጥቶ የማያውቀው ሰውዬ... ጉሙ ውስጥ ገባሁና በሩን ከፍ አድርጌ ይዤ ቆምኩ።

እንዳይጮኽባት ብዬ።